ጭራቁን ወደ መጽሐፉ እንመልሰው

ቶሮንቶ ውስጥ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች አያነቡም የሚል ወቀሳ በየቡናው ላይ ይሰማል። ልጆቹ ግን ያነባሉ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጁን ቦርሳ የፈተሸ ወላጅ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። ሦስት ዓይን ያለው አረንጓዴ ፍጡር፣ የሚናገር ሽንት ቤት፣ የውሻ ራስ የተተከለለት ፖሊስ፣ የትምህርት ቤት ምሳ አብሳይ መስለው ከሌላ ዓለም የመጡ ጉዶች። ልጁ መኪና ውስጥ ያነበዋል፣ ራት ላይ ያነበዋል፣ ተኛ ከተባለ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ያነበዋል። ብቻውን ሲስቅም ይሰማል።

ይህ ሁሉ ንባብና ይህ ሁሉ ሳቅ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ለዚያው ልጅ የምናቀርብለት ምንድነው? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ «በግ፣ በሬ፣ በቆሎ» እያለ ሥዕል የሚያስቆጥር ደብተር፣ ከዚያ የቀረው ምክር ነው። «ተነሥ፣ ታጠብ፣ ብላ፣ አጥና፣ ሰላም በል።» እንግሊዝኛ የጨዋታ ቋንቋ፣ አማርኛ የትእዛዝና የቁጣ ቋንቋ ሆኖ ያድጋል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው በአማርኛ ጠይቀነው በእንግሊዝኛ ሲመልስ ደግሞ «ልጆቻችን ቋንቋቸውን ጠሉት» ብለን እናዝናለን።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ለልጆቻችን በአማርኛ የሚያስቁ የጭራቅ መጻሕፍት እንጻፍላቸው፣ እናሳትምላቸው፣ እናንብብላቸው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከቋንቋም ይከብዳልና ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

እነዚህ መጻሕፍት ምንድናቸው?

ብዙ ወላጅ ሽፋኑን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ይላል። እስቲ እንየው። «ካፒቴን አንደርፓንትስ» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ የሚጽፈውና የሚሥለው ዴቭ ፒልኪ ልጅ ሳለ ንባብ የሚያስቸግረውና አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይችል ተማሪ ነበር። ሁለተኛ ክፍል እያለ መምህሩ ከክፍል እያስወጡ ኮሪደር ላይ ያስቀምጡት ነበር። እሱም እዚያው ተቀምጦ በውስጥ ሱሪና በካባ የሚሮጥ ጀግና መሣል ጀመረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። ያኔ «የማይረባ» የተባለው ሥዕል ዛሬ ስንቱን ማንበብ የሚፈራ ልጅ አንባቢ አድርጎታል።

የአር. ኤል. ስታይን «ጉስበምፕስ» እ.ኤ.አ. በ1992 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች ተሸጧል። በ1990ዎቹ የወጣው የቴሌቪዥን ድራማ የተቀረጸውም እዚሁ ቶሮንቶና አካባቢዋ ነው። የቶሮንቶው አኒክ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው የሮበርት መንሽ «የወረቀት ከረጢት ልዕልት» ደግሞ ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ይነበባል። ዘንዶው ቤተ መንግሥቱን አቃጥሎ ልዑሉን ይወስዳል። ልብሷ የተቃጠለባት ልዕልት ከረጢት ለብሳ ትከተለዋለች። «እሳትህ ጫካ ያቃጥላል ይባላል፣ እውነት ነው?» «ዓለምን በአንድ ትንፋሽ ትዞራለህ ይባላል፣ እስቲ አሳየኝ» እያለች ስታሞግሰው ዘንዶው በጉራ ተዳክሞ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሰይፍ የለ፣ ደም የለ። በምላስ ብቻ አሸነፈችው።

የነዚህ መጻሕፍት አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ የታሰበበት ነው። ምዕራፉ አጭር ነው። በየገጹ ሥዕል አለ፣ ስለዚህ አንድ ቃል ያልገባው ልጅ ከሥዕሉ ገምቶ ያልፋል። ምዕራፉ የሚያልቀው በሩ ሊከፈት ሲል ነው፣ ልጁም መጽሐፉን መክደን ያቅተዋል። ጭራቁ ትልቅ ነው ግን ጅል ነው፤ ልጁ ትንሽ ነው ግን ብልጥ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሲያልቅ ሁለተኛው አለ፣ ሦስተኛው አለ። ልጁ ሳያውቀው በሺህ የሚቆጠር ገጽ አነበበ ማለት ነው። ንባብ ደግሞ እንደ እግር ኳስ ነው፤ በመደጋገም እንጂ በምክር አይመጣም።

ይህች ከተማ ጭራቅን ታከብራለች

ኮሌጅ ጎዳና ላይ፣ ከስፓዳይና ብዙ ሳይርቅ፣ ሊሊያን ኤች. ስሚዝ የሚባል የሕዝብ ላይብረሪ አለ። በሩ ላይ ግራና ቀኝ ክንፍ ያላቸው ግዙፍ የነሐስ አውሬዎች ተቀምጠዋል። ልጆች እየነኳቸው፣ እየተሳሳቁባቸው ይገባሉ። ላይብረሪው የተሰየመባት ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 ቶሮንቶ ሥራ ስትጀምር፣ በመላው የብሪታኒያ ግዛት ለሕፃናት ላይብረሪ ሥራ የሠለጠነች የመጀመሪያዋ ባለሙያ ነበረች። ለልጅ የሚሰጠው መጽሐፍ ከሁሉም ምርጡ መሆን አለበት ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ተከራከረች።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ የኦዝቦርን ስብስብ አለ። ኤድጋር ኦዝቦርን የተባሉ እንግሊዛዊ የላይብረሪ ባለሙያ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጥንታዊ የልጆች መጻሕፍታቸውን እ.ኤ.አ. በ1949 ለቶሮንቶ ሰጡ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሌላም ስብስብ አለ። ደራሲዋ ጁዲት ሜሪል እ.ኤ.አ. በ1970 ባበረከተቻቸው 5,000 ያህል መጻሕፍትና መጽሔቶች የተጀመረ፣ የሳይንስ ልብ ወለድና የምናብ ዓለም ክምችት ነው። እንግዲህ ይህች ከተማ ዘንዶንና ጭራቅን በክብር መዝግባ፣ ቤት ሠርታ፣ ባለሙያ ቀጥራ ታስቀምጣለች። «ልጆች ተረት ያነባሉ፣ አዋቂዎች ቁም ነገር ይሠራሉ» ብላ ነገሩን አልናቀችውም።

ይህን ያነሣሁት ከተማዋን ለማሞገስ ፈልጌ አይደለም። የእኛም ጭራቅ እዚያ መደርደሪያ ላይ የመቀመጥ መብት አለው ለማለት ነው። በሩ ክፍት ነው። የጎደለው መጽሐፉ ነው።

የስደተኛ ልጅ የጻፈው ጭራቅ

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የልጆች የአውሬ መጽሐፍ የስደተኛ ልጅ ሥራ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሞሪስ ሴንዳክ ከፖላንድ ወደ ብሩክሊን ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለደ። በ1963 ያሳተመው መጽሐፍ ማክስ የሚባል አስቸጋሪ ልጅ ራት ተከልክሎ ወደ ክፍሉ ሲላክ፣ ከዚያም በጀልባ ሄዶ በአውሬዎች ላይ ሲነግሥ ያሳያል። ሴንዳክ አውሬዎቹን ከየት እንዳመጣቸው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ የታወቀ ነው። እሑድ እሑድ ቤታቸው የሚመጡት አጎቶቹና አክስቶቹ ናቸው! ጥርሳቸው የተበላሸ፣ አፍንጫቸው ጸጉር ያበቀለ፣ ጉንጭ የሚቆነጥጡ፣ «ልብላህ እኮ!» እያሉ የሚያቅፉ ዘመዶች።

ይሄ ትዕይንት ለእኛ ልጆች አዲስ ነው? ዓመት በዓል ሲሆን እትዬ እገሊት ጉንጩን ይዘው አራት ጊዜ ይስሙታል። ጋሼ እገሌ ደግሞ «አማርኛ ትችላለህ? እስቲ ተናገር!» ብለው ሃያ ሰው ፊት ያፋጥጡታል። ልጁ ከሶፋው ጀርባ ይደበቃል። ሴንዳክ ያንን ፍርሃትና ያንን ፍቅር አንድ ላይ ጠቅልሎ ሥዕል አደረገው። በቤተሰቡ ቋንቋ፣ በይዲሽ፣ ልጅ ሲረብሽ «የዱር አውሬ» ይባል ነበር፤ የመጽሐፉም ርዕስ ከዚያ የመጣ ነው። የስደተኛው ቤት ቋንቋና ጫጫታ ወደ ዓለም ሥነ ጽሑፍ ገባ። ዳንፎርዝ አካባቢ ያደገ የእኛ ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የማይጽፍበት ምን ምክንያት አለ?

እኛስ ጭራቅ አጥተን ነው?

እንዲያውም ተርፎናል። የአገራችን አፈ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በዘንዶ ነው። አርዌ የተባለው እባብ ነግሦ፣ ልጃገረድና ከብት እየተገበረለት፣ ሕዝቡን ሲያስጨንቅ ይኖራል። አንድ ብልህ ሰው፣ በአንዳንዱ ትረካ አንጋቦ ይባላል፣ መርዝ የበላ ፍየል አቅርቦ ይገድለዋል፣ ይነግሣልም። የንግሥተ ሳባ አባት ነው ይሉታል። እንግዲህ ይህም ጉልበተኛውን በብልሃት የመጣል ታሪክ ነው፤ ከከረጢት ለባሿ ልዕልት ጋር አንድ ቤት ነው።

ፒያሳ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ውስጥ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ሥዕል አስታውሱ። በብዛት 44 ሣጥን ሆኖ በሸራ ላይ ይሣላል፣ ከዘንዶው ጀምሮ ታሪኩን በተርታ ያሳያል፣ ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ አለው። ልጆቻችን «ግራፊክ ኖቭል» የሚሉት ይኸው እኮ ነው! ከአያት የወረስነውን ሳሎን ሰቅለን ልጁ ኮሚክ ሲያነብ «ሥዕል ብቻ» እያልን እንቆጣለን።

ከዚያ ሌላ ማን አለ? ሰው የሚበላው ጭራቅ አለ። እያነከሰ፣ እየሆዳመ፣ በየተረቱ የሚታለለው አያ ጅቦ አለ። የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል እየፈጸመ ጉድ የሚሠራው ማሞ ቂሎ አለ። በአንድ ቃል ሹሙንም ባለጸጋውንም የሚያሳፍሩት አለቃ ገብረ ሐና አሉ። ሐረር ከተማ ደግሞ ጅብን በአፍ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ ለአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ በጀጎል ግንብ ላይም ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅብ ገንፎ የሚጋበዝባት ከተማ ያለን ሰዎች ነን እኮ። የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ይህን ሀብት የነካው የለም ማለቴ አይደለም። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን አውርሰውናል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን። ውለታቸው አይከፈልም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱም ቤተሰቡም ከነሱ የወሰደው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ተረቱ ሲያልቅ «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሳቁ ተቆርጦ ፈተና ይሆናል። ለጭራቁና ለጅቡም ያስቀረንላቸው አንድ ሥራ ነው፦ ማስፈራራት። «ዝም በል፣ ጅቡ መጣልህ!» «ብላ፣ አለዚያ ጭራቁን እጠራዋለሁ!» ቶሮንቶ ደግሞ ጅብ የለም። ልጁ መስኮት ከፍቶ ሲያይ የሚያገኘው ቆሻሻ የሚገለብጥ ራኩን ነው። ማስፈራሪያውም ከሸፈ፣ ተረቱም ጠፋ።

የከበደው ምክንያት

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያቴ ልምጣ። ጭራቅን ከልጆች መጽሐፍ ስናስወጣው ከምድር አልጠፋም። ሰው ላይ ነው የሰፈረው።

ይህ አዲስ አይደለም። በድሮው አገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ቤተ እስራኤሉም «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር። ማረሻውን የሠራለትን፣ ጀበናዋን የሠራችለትን ሰው ጅብ አድርጎ አገለለው። ስንቱ በዚህ ተረት ተገፋ፣ ሠርግ ተከለከለ፣ ከሰፈር ተባረረ። ያ ጅብ የሚያስቀው ጅብ አልነበረም። ተረት መሆኑ የተረሳ ተረት ነበር።

በእኛው ዘመንም ያው ሆነ። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አባባል ከአገሪቱ ትልቅ መድረክ ተሰማ። የተባለው ለእነማን እንደሆነ ብዙ ማብራሪያ ተሰጠ፤ ቃሉ ግን ማብራሪያ አልጠበቀም። ከአደባባይ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ከዚያ ወደ ሰፈር ወርዶ በትግራይ ተወላጅ ጎረቤት ላይ የሚወረወር ስድብ ሆነ። ሌላውም ወገን ዝም አላለም፤ በየአቅጣጫው እባብ፣ አውሬ፣ ጭራቅ የሚል ስም ወጣ። የመጣውን መከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማን ጀመረው የሚለውን ለፖለቲከኞቹ እተዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቶሮንቶ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ልጅ ነው።

ያ ልጅ አማርኛው ትንሽ ነው። ጅብን በተረት አላገኘውም፤ ሲታለል፣ ሲወድቅ፣ ሲሳቅበት አላየውም። «ጅብ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሚሰማው ዩቲዩብ ከፍ ብሎ ተከፍቶ፣ አባትና ጓደኞቹ ቡና እየጠጡ ስለ ሰው ሲናገሩ ነው። ለዚህ ልጅ የአማርኛ ጭራቅ ማለት የሌላ ብሔር ሰው ይሆናል። ትምህርት ቤት አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም ወላጅ አስቦ አያደርገውም። ግን ባዶ የተተወ ቦታ በሆነ ነገር ይሞላል።

በመጽሐፍ ውስጥ ከጭራቅ ጋር የተጫወተ ልጅ አንድ ነገር ያውቃል፦ ጭራቅ ሰው የፈጠረው ነው፣ ሰው የሣለው ነው፣ ገጹ ሲከደን እዚያው ይቀራል። አንድ ሰው መጥቶ «እነዚያ ሰዎች ጭራቆች ናቸው» ሲለው ቢያንስ ፈገግ ይላል። መጽሐፍ ብቻውን ጥላቻን ያድናል አልልም፤ ጭራቅ ሲያነቡ ያደጉ አገሮችም ጦርነት አላጡም። ቃሉን ግን ልጁ መጀመሪያ የት እንደሚያገኘው የመምረጥ ዕድል አለን፣ ይህ ደግሞ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይሄ የሰይጣን ነገር ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ስታይ ተሥሏል። ልጁን ወደዚያ ሥዕል አንሥተን የምናሳየው እኛው ነን። መናፍስትንና ጥንቆላን መተው ይቻላል፤ ማንም አያስገድድም። አያ ጅቦና ዘንዶው ብቻ ለአሥር ዓመት መጽሐፍ ይበቃሉ።

«ቁም ነገር የለውም፣ ጸያፍም ነው» የሚሉም አሉ። ይህንን አሜሪካኖቹም ብለዋል። «ካፒቴን አንደርፓንትስ» እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 በአሜሪካ ላይብረሪዎች ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንደኛ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ግን ማንበባቸውን አልተዉም። ለጨዋነት የሚጨነቅ ወላጅ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ራሱ የሚወደውን፣ ባህሉን የጠበቀ ቀልድ በአማርኛ ይጻፍ። አለቃ ገብረ ሐና እኮ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ።

«እንግሊዝኛው አለ፣ አማርኛው ለምን?» ለሚል ደግሞ የሚከተለውን እጠይቃለሁ። ልጁ አገር ቤት ካሉት አያቱ ጋር በስልክ ምን ያወራል? «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ስልኩ ለእናቱ ይመለሳል። አያት ደግሞ የጅብ ተረት በሽ ነው ያላቸው። ልጁ «አያቴ፣ አያ ጅቦ ታለለ!» ብሎ ቢጀምርላቸው ሁለት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ይሆን ነበር። ፖሊሱን ውሻ አያት አያውቁትም። ጅቡን ግን ያውቁታል።

«ገበያ የለውም» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፣ ግን መነሻ አለን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የማሞ ቂሎን ተረት በእንግሊዝኛና በአማርኛ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ፣ በቀጣዩ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ላይብረሪ ከፈተ፣ ቆይቶም ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስዞረ። የጀመረበትን መጽሐፍ ልብ በሉ፤ የሚያስቅ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡም ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በአንዲት የጨርቅ ቀጭኔ ጀመሩት፤ በቴሌቪዥን ስንቱን ሕፃን ደረሰ። ሁለቱም ገበያ እስኪፈጠር አልጠበቁም።

ምን እናድርግ?

መጽሐፉ ምን ዓይነት ይሁን? ፊደላችን በገበታው 33 ረድፍ በሰባት ነው፣ 231 ቅርጽ። ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። በዚያ ላይ ሲጽፉት ጠብቆና ላልቶ የሚነበበው አይለይም፤ «አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን «ይኖራል» ይሁን የሚያውቀው ቃሉን በጆሮው የሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወላጅ ጮክ ብሎ የሚያነበው፣ ከዚያ ልጁ ብቻውን የሚደግመው መጽሐፍ ያስፈልጋል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ቃሉ ቤት ውስጥ የምንናገረው ይሁን። «ይህ እንዲህ በመሆኑ ምክንያት» የሚል ጅብ ማንንም አያስቅም።

ታሪኩ ደግሞ እዚሁ ይሁን። አያ ጅቦ ክረምት ላይ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ በነጠላ ይድረስ። የክትፎ ሽታ ተከትሎ ግሪንውድ ባቡር ጣቢያ ይውረድና ዳንፎርዝ ላይ እያነከሰ ይሂድ። ከተማው ራኩን እንዳይከፍተው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ያመጣውን አረንጓዴ የቆሻሻ ሣጥን ለመክፈት ከራኩን ጋር ሽርክና ይግባ፣ በትርፍ ክፍፍሉ ይጣሉ። ወይም ደግሞ አንድ ጭራቅ ልጅቷን ሊበላ ሲል «መጀመሪያ ‘ፀሐይ’ ብለህ ጻፍ» ትበለው። በጸሎቱ ‘ጸ’ ነው በፀሐዩ ‘ፀ’? በሃሌታው ‘ሀ’ ነው በሐመሩ ‘ሐ’? ሲጨነቅ ይንጋበት። የእኛ ሊቃውንት እስካሁን የሚከራከሩበትን ጭራቁ በአንድ ሌሊት አይፈታውም! ልጁ እየሳቀ ፊደል ተማረ።

አሠራሩም ከአቅማችን በላይ አይደለም። የቅዳሜ ትምህርት ቤት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት በዓመት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ማውጣት ይችላሉ። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ መሣል የሚወዱ ልጆች በየቤቱ አሉ፤ ታሪኩን አያቶች ይንገሩ፣ ሥዕሉን እነሱ ይሥሩት። ኦንታሪዮ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል፤ ድርጅቱ መስፈርቱን ካሟላ ሥራው ለዚያም ሊያገለግላቸው ይችላል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ደግሞ ሥራ የሚፈልጉ ጎበዝ ሠዓሊዎች አሉ።

ላይብረሪውንም እንጠቀምበት። የቶሮንቶ የሕዝብ ላይብረሪ 100 ቅርንጫፎች አሉት። አባላቱ ይገዛልን የሚሉትን መጽሐፍ የሚጠቁሙበት አሠራርም አለው። መጽሐፉ ሲታተም አንድ ሰው ሳይሆን መቶ ቤተሰብ ይጠይቅ። የኦንታሪዮ ደንብ ደግሞ የ25 ተማሪዎች ወላጆች በጽሑፍ ከጠየቁ የትምህርት ቦርዱ የቋንቋ ትምህርቱን በአንደኛ ደረጃ እንዲያዘጋጅ ያዛል። 25 ወላጅ ለአንድ ክርስትና ድግስ እንኳ ይሰበሰባል። ክፍሉ ሲከፈት የሚነበብ ነገር ይዞ መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ተሞልቶ ነው የሚመለሰው። ሁለት የልጆች መጽሐፍ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ልጁ አጠገብ ቁጭ በሉና የሚያነበውን ጭራቅ በአማርኛ ንገረኝ በሉት። ቃል ሲያጣ አቀብሉት። ሲጨርስ የእናንተን ጅብ አምጡለት፤ ድምፃችሁን ቀይሩ፣ አንክሱ፣ አስቁት። «ምን ተማርክ?» ግን አትበሉት።

ቸር ይግጠመን።